ድምፅህን ከሰው ስልክ ላይ እያጠፋሁ ነው

ለአስማረ፣ ለሆዴ፣

ካለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አልፎ ይኸው ደግሞ ገብስ እየታጨደ ነው። ለሙት ዓመትህ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ያኔ የምነግርህ ሁሉ ደህና ስለነበር ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኩት። አሁን ነገር ሲበላሽብኝ ግን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሚስትህን ታውቃታለህ፣ ካልጨነቃት አትጽፍም።

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ከዚህ ቤት አይወጣም ብለህ በሽማግሌ ፊት ቃል የገባህበትን ካሴት እኔ አወጣሁት። ያወጣሁትም አንተው በድምፅህ ያቀረብከው አስመስዬ ነው። በዚያ ጦስ ስማዳ ውስጥ የታረቁ ሁለት ቤቶች ዳግመኛ ደም ሊቃቡ ደረሱ። ሁሉንም በየተራው እነግርሃለሁ። ተቆጥተህ ብሰማህ በወደድኩ ነበር። አንተ ግን መቼ ትቆጣ ነበር? ማዳመጫህን ከጆሮህ አውርደህ አንገትህ ላይ ታደርገውና ዝም ብለህ ታየኛለህ። እኔን የሚገድለኝ እሱ ነበር፤ አሁንም ስጽፍ የሚታየኝ እሱ ነው።

በፊት ስለ ቤታችን ልንገርህ። መንገዱን ድንጋይ ሊያነጥፉ ሲመጡ ከሱቃችን በር ላይ የነበረውን ቀጋ ቆረጡት። ለመንኳቸው። «እሾህ እኮ ነው እትዬ፣ ልብስ ይቀድዳል» አሉኝ። አሁን ሰው «ቀጋ ሙዚቃ ቤት» የሚለውን ሰሌዳ እያነበበ ቀጋው የታለ ይለኛል። ሰሌዳውን አሳድሼዋለሁ፤ ሠዓሊው ግን የቀጋ አበባ አይቶ የማያውቅ ይመስል ጽጌረዳ ሥሎልኝ ሄደ። አንተ ብታየው አስፍቀህ ታስደግመው ነበር፣ እኔ ደክሞኝ ተውኩት። ልጃችን ማሕደር ደብረ ታቦር ትማራለች። ስትስቅ ዓይኗ እንዳንተ ይጠፋል። እናትህ ደህና ናቸው። አርብ አርብ ገበያ ሲወጡ ሱቁ በር ላይ አረፍ ይሉና «እስቲ አስማረን አስሚኝ» ይሉኛል። ካንዱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ድምፅህን እከፍትላቸዋለሁ። «ቀጋ ሙዚቃ ቤት ያቀርብላችኋል፤ በጥሞና ስሙልን።» ይህችን ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «በል ደህና ዋል ልጄ» ብለው ይነሳሉ። ዘፈኑን አይጠብቁም።

ይህችን ንግግር የቀዳህ ዕለት ስንት ጊዜ ደጋግመህ እንዳሳቅኸኝ ታስታውሳለህ? «ስሙልን» ስትል ድምፅህ ይቀጥንብሃል ብዬህ፣ ተናድደህ ውኃ ጠጥተህ ስትመለስ ይብሱን ቀጠነ። እንደቀጠነ ቀረ። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሚሞሪ ስንሻገር ሁሉ ከሥራችን ፊት አልጠፋችም። አንድ ጊዜ ለምን ስምህን አትጠራም ብዬህ ነበር። ሰው ዘፋኙን ይወደዋል፣ ነገር የመጣ ቀን የሚጠየቀው ግን አሳታሚው ነው፤ ድምፄን ካወቁት ቤቴን ያውቁታል አልከኝ። ያኔ እንደ ኩራት ነበር የሰማሁት። አሁን ሲገባኝ እንደዚያ አልነበረም።

ሠርግ ልትቀዳ ስትሄድም አንድ ልማድ ነበረህ። ገና ቴፑን ከአህያ ላይ ሳታወርድ የቤቱን ትልቅ ሰው ወደ ጥግ ትወስዳለህ። በዚህ አገር በሰው እጅ የሞተ አለ ወይ ትላለህ። ስሙን ትጠይቃለህ። ቀጥለህ ደግሞ «በሬውስ ማን ይባል ነበር?» ትላለህ። እኔ በሳቅ እሞት ነበር። «ባሌ በሬ ሊያዘፍን ነው» እያልኩ በጎረቤት ፊት አሾፍብህ ነበር። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፣ እኔ የአርብ ገበያ ልብስ ሰፊ ልጅ። በሬ የማውቀው ሐሙስ ማታ ለገበያ ሲነዳ ነው። በሬው ለምን እንደሚጠየቅ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም። መሳቁ ይበቃኝ ነበር።

ሠርጉ ሲሞቅ የሚሆነውን ግን አብሬህ አይቻለሁ። ሰው ለአዝማሪው ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ጠላው ሲበዛ ግጥሙ ወደ ፉከራ ይዞራል። አንተ ማዳመጫህን እንዳደረግህ ጣትህን ከማቆሚያው ላይ አታነሳም ነበር። የሞተ ሰው ነገር ሊነሳ ሲል ጣትህ ትቀድማለች። ለዚህ ነው የቀጋ ካሴት መሀል መሀል ላይ ቀጭ እያለ የሚያልፈው። ገዢዎች ተበላሽቷል እያሉ ሊመልሱ ሲመጡ፣ አንተ ያለ ቃል ሌላ ትሰጣቸው ነበር። ያም ሌላው እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል።

ጣትህ አንድ ቀን ብቻ ዘገየች። ወገዳ አጠገብ በነበረው በዚያ ሠርግ። አያ ዘለቀ እርሻው ላይ በድንበር ጠብ ከተገደለ ብዙም አልቆየም ነበር። የገዳዩ ወንድም ቢምረው እዚያው ሠርግ ላይ ነበር፣ የዘለቀም ቤተሰብ ነበር፤ ደጋሹ ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው ብሎ ሁለቱንም ጠራ። ማሲንቆውን የሚመታው ወዳጅህ አያ እንየው ነው። ቢምረው ጠጥቶ ተነሳና ግጥም አቀበለ፤ እንየውም በሙቀቱ ተቀብሎ አለው። ሠርጉ ተበተነ። ጠመንጃ ወጥቶ በሰው ብርታት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው የቤተ ልሔሙ የኔታ ከሽማግሌዎች ጋር ሁለቱን ቤት ያስታረቁት። የዘለቀ ነገር በሠርግም በአጨዳም በዘፈን እንዳይነሳ ተማማሉ። ቢምረው የዘለቀ ቤተሰብ እግር ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ወንፈል እየገቡ አንዱ የሌላውን ገብስ ሲያጭዱ ኖሩ።

የኔታ ካሴቱን አቃጥለው ሲሉህ አጠገብህ ነበርኩ። «የኔታ፣ እንየው እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም፣ ማቃጠል አልችልም፤ ነገር ግን ከቤቴ አይወጣም» አልካቸው። ብዙ አዩህ። «እንግዲህ በቃልህ» አሉ። እንየው በዚያው ዓመት ሞተ። አንተ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለህ እህል ከማናስቀምጥበት ጎታ ሥር ከተትከው። የሟች ስም አለበት፣ እንዳትነኪው አልከኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ልልህ አልችልም። አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን አወጣሁት? ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ነን ያሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። የድሮ ቅጂዎቻችንን ሁሉ ወስደው በራሳቸው ስም ሊያወጡ ፈለጉ። አንደኛው ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየና «አሁን ከቀጋ ጀርባ ማን አለ?» አለኝ። እኔ አለሁ አልኩት። ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈገግታው ግን ከሱቁ አልወጣ አለኝ። እሺ ብዬ ሸኘኋቸው፣ ምንም አልሰጠኋቸውም፤ ሲሄዱ ግን ቀጋ አለመሞቱን አገር ሁሉ ካላወቀ አልተኛም አልኩ። በቤታችን ከእንየው ካሴት የሚበልጥ ሥራ አልነበረም። እልሄ ጎታውን አስከፈተኝ። ላንተ ያደረግኩት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ለዚያ ሰውዬ ፈገግታ ነበር ያደረግኩት።

ማሕደር ለእረፍት ስትመጣ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ መቁረጥ አስተምራኝ ነበር። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። የዘለቀ ስም የተጠራበትን ፈልጌ አገኘሁ። ከስሙ ጀምሮ ጩኸት ነው፣ የሰው ግርግር፣ የሚወድቅ አግዳሚ፤ ያንን ሁሉ ከሥሩ ቆርጬ ጣልኩት። ከስሙ በፊት ስለ አንድ በሬ የሚል ግጥም ነበር። አዝማሪ በሬ ቢያወድስ ምን አለበት ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ነበር የሚለው፦

ወይኖ ቢያገሳም ማን አለሁ ይለዋል፤
ጌታው ከፈሩ ላይ ተጋድሞ ውሏል።

ሰነፍ ገበሬ ላይ የተቀለደ መስሎኝ እኔም ስቄበታለሁ። ከልቤ ስቄበታለሁ አስማረ። ከዚያ የአንተን ድምፅ ከፊቱ ቀጠልኩና በቻናላችን ላይ ለቀቅኩት።

ምን ያህል እንደተወደደ ልነግርህ አፍራለሁ። ሚኒባሱ ያስጮኸዋል፣ ባጃጁ ያስጮኸዋል። ሱቅ መጥቶ «የእንየውን ጫኝልኝ» የማይል የለም። ከእስቴ ድረስ ደውለው የመረቁኝ አሉ። አንድ ጠዋት በሱቁ ፊት ካለፈ አውቶቡስ ውስጥ ድምፅህ ሲወጣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ያለቀስኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አርብ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ስልኩን ከባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ድምፅህ ወጣ፣ ማሲንቆው ተከተለ። ሊያመሰግነኝ የመጣ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩት። የበሬው ግጥም እንዳለቀ ዘጋው።

«ይርጋ እባላለሁ፣ የዘለቀ ልጅ» አለኝ። «ወይኖ የአባቴ በሬ ነው።»

 ስሙን እኮ ቆርጬዋለሁ አልኩት። እንዲህ ስለው ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ አባቴን በስሙ የሚጠራው ማን ነበር? አገሩ ሁሉ የወይኖ ጌታ ነው የሚለው። በሞተ ቀን ወይኖ ቀንበሩን እንደተሸከመ ሲያገሳ ውሎ ነው ሰው ሬሳውን ያገኘው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቢምረው ያኔ ሰክሮ ነው፣ ይቅር ብለነዋል አለኝ። «ጋሽ አስማረ ግን ሳይሰክር ነው ቃል የሰጠን። ሰው ከሞተ በኋላ ቃሉን ይበላል?» ብሎኝ ወጣ። ዱላውን ረስቶት ሄደ። ልሰጠው ተከትዬ ብወጣም በገበያተኛው መሀል ጠፋብኝ።

አስማረ፣ ስትጠይቀው የኖርከው በሬ ይኸው ነው። ለካ በዚያ አገር ሰውን ሳይጠሩ መጥራት እንደዚህ ነው፤ ለካ አንተ ከስሙ በፊት በሬውን የምትፈራው ለዚህ ነው። ስሙን ቆርጬ የጣልኩ መስሎኝ ሰውየውን ከነሬሳው እዚያው ትቼዋለሁ። አንተንም ከፊቱ አቁሜሃለሁ፣ በጥሞና ስሙልን እያልክ።

ዘፈኑን የዚያኑ ቀን ከቻናሉ አነሳሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ስንት አገር ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ከወገዳ የመጡ ነጋዴዎች ይርጋ ጠመንጃ ይዞ ከቤቱ ወጥቷል አሉኝ። የት እንደሚያድር እናቱ እንኳ አያውቁም። ቢምረው አሁን ሽማግሌ ነው፤ ከደጁ መውጣት ፈርቶ ገብሱ ደርቆ ማሳው ላይ ይረግፋል። ወንፈሉም ፈረሰ፤ የማን ወገን ተባልኩ ብሎ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ቤቱ ተቀመጠ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቢምረው ተገደለ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።  ለማሕደር እንኳ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? የአባትሽን ቃል ባስተማርሽኝ ቆረጥኩት ልበላት?

መጨረሻ ላይ ቤተ ልሔም ወጥቼ የኔታ እግር ላይ ወደቅኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ቃሉ የባልሽ ነበር። እሱ ሲያርፍ ቃሉ አብሮት የተቀበረ መሰለሽ?»

«አጠፋሁ የኔታ» አልኳቸው።

«አጥፍተሻል። በይ እንግዲህ ድንጋይ ትሸከሚያለሽ። እኔም በበቅሎ እከተልሻለሁ፣ እኔንም አምኖኝ ነበርና።»

ወደ ቤት ተመልሼ ለመንገድ ስዘጋጅ ካሴቱን ለነይርጋ ልወስድላቸው ከጎታው አወጣሁት። ያቃጥሉት፣ ያሻቸውን ያድርጉት ብዬ ነው። ከመሄዴ በፊት ግን ያጠፋሁትን በደንብ ልስማው አልኩ። ያንተን ማዳመጫ አደረግኩ። ካንተ በኋላ አድርጌው አላውቅም ነበር፤ ስፖንጁ ላይ ጠረንህ የለም፣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ግጥሙ አለፈ፣ ስሙ አለፈ። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው ብዬ የጣልኩት መጣ። በማዳመጫ ሲሰማ ጩኸት ብቻ አልነበረም። አንተ ነበርክ።

ለራሴ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። አንድ ሕይወት አብሬህ ኖሬ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼህ አላውቅም። ከሥራህ ሁሉ ንጹሑን፣ አንተን የሚያወጣህን ቦታ፣ በእጄ ቆርጬ ጥዬው ነበር። የተውኩት ስድቡን ነው።

በማግስቱ መኪና እስከ ወገዳ አደረሰን፤ ከዚያ የኔታ በበቅሎ፣ እኔ በእግር። የይርጋን ዱላ ይዤለት ነበርና እሱኑ ተመረኮዝኩ። ሰው ልከን የኔታ ይመጣሉ ስላስባልን ይርጋ እናቱ ቤት ተመልሶ ነበር። መንደሩ ጫፍ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግኩ። ሕፃናት ቆመው አዩኝ፤ ቢምረውም ከአጥሩ በላይ አየኝና ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። ደጃቸው ስደርስ ተንበረከክኩ። ይርጋ ጠመንጃውን እንዳነገተ ወጣ። የኔታ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለመኑት። እኔም የአፈር ያህል ሆኜ ለመንኩት።  እናቱ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

ይርጋ «ቃሉን የሰጠኝ ጋሽ አስማረ ነው። እሱ መጥቶ ይንገረኝ» አለ። እንደማይሆን አውቆ ነው ያለው።

«አምጥቼዋለሁ» አልኩት።

ድንጋዩን አላወረድኩም። በአንድ እጄ ደግፌው በሌላው ቴፑን ከዘንቢሉ አወጣሁ። ቤት ስለማመድ ነው የቆየሁት፤ ካሴቱን ከግጥሙም ከስሙም አሳልፌ አንተ የምትጀምርበት ቦታ ላይ አቁሜዋለሁ። ያንን ስድብ ዳግመኛ በጆሮው ላገባ አልፈለግኩም። ከፈትኩት።

«ተው እንየው! ስለ ማርያም እጅህን አንሳ! የወይኖን ነገር አታንሱ፣ ልጁ እዚህ ተቀምጧል!»

ከዚያ ግርግሩ፣ አግዳሚው ሲወድቅ፣ ሴቶች ሲጮኹ። ቀጥሎ ድምፅህ ወደ ማይኩ ቀረብ ይላል፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ለስለስ ብሎ። «ና ማሙሽ፣ ና እኔ ጋ፣ አይዞህ።» ቀጭ አለና አበቃ።

ይርጋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃው ከትከሻው ተንሸራትቶ ክንዱ ላይ ቀረ፣ አላቃናውም። አንድ ሰው ተሸክሞ ከዳሱ እንዳወጣው ያስታውስ ነበር። ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያደገው፤ የሚያስታውሰው ሰውየው አንገት ላይ የነበረውን ጥቁር ነገር ይዞ ማልቀሱን ነው። ይህን ለእናቱ ነበር የሚናገረው፣ ለእኔ አልነበረም። እኔ ማዳመጫህን ከዘንቢሉ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። በጣቱ ነካው።

ተነስቶ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ አነሳው። የኔታ «ተመስገን» አሉ፣ እናቱም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እሱ ግን እጁን አነሳና አስቆማቸው።

«ይኸ ለእሱ ነው» አለኝ። «ያንቺ ገና ነው።»

ምን ላድርግ አልኩት። «እናቴ ገበያ ስትወጣ ያንን ስድብ በሰው ስልክ ላይ ትሰማዋለች» አለኝ። ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። አልከለከልኩትም፤ ከእኔ ቤት ይልቅ እሱ ጋ ይሻላል። ዱላውን ስሰጠው ተቀበለኝ። በሳምንቱ የሰማሁትን ልንገርህ፣ ደስ ይበልህ። ማጭዱን ይዞ ሳይጠራ የቢምረው ማሳ ገባ፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሲያጭድ ውሎ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ተከትሎት ገባ።

አንተን አጥርቻለሁ፣ እኔ ግን አልጠራሁም። እንድታጽናናኝም አይደለም የምጽፍልህ። እዚያ ደጅ ጩኸትህ ባይሰማ ኖሮ፣ ያ ካሴት በልጅነቱ ያቀፍከውን ልጅ ገዳይ አድርጎት ነበር፤ ያቀፍከውም ያስገደልከውም አንተ ትሆን ነበር፣ በእኔ እጅ። ይህን እያሰብኩ ነው የሚነጋልኝ።

ባለፈው እሑድ እስቴ ሠርግ ልቀዳ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዕቃዬን ሳላወርድ የቤቱን አባወራ ወደ ጥግ ወስጄ ጠየቅኳቸው፤ በሰው እጅ የሞተ አለ ወይ፣ ስሙ ማን ነው፣ በሬውስ ማን ይባላል። የሙሽራዋ እህት ሰምታኝ ከት ብላ ሳቀች። «ሴትዮዋ በሬ ልትቀዳ ነው እንዴ?» አለች። አልተቀየምኳትም። ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ለምን እንደምጠይቅ ነገርኳት፤ አንተ ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቅህ የቀረውን።

አንተን መርሳት አልችልም፣ ልርሳህ ብልም የሚያስረሳኝ የለም። አርብ አርብ ሱቁን ዘግቼ ገበያው መሀል እወርዳለሁ። ስልክ የያዘ ሰው ሳይ አስቆመዋለሁ። የእንየው ዘፈን አለህ ወይ? እንዳጠፋው ከፈቀድክልኝ የፈለግከውን እጭንልሃለሁ እላለሁ። አንዳንዱ አብዳለች ይለኛል፣ አንዳንዱ ይሰጠኛል። እናትህ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል፤ ምን እንደማደርግ ነግሬያቸዋለሁ። ስንት ስልክ እንደቀረ አላውቅም፤ ያለኝን ዕድሜ ሁሉ ቢወስድም የመጨረሻዋን ሳላገኝ አልተውም።

ሁልጊዜ የሚጀምረው ባንተ ነው። ሳልሰማህ ማጥፋት አልቻልኩም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስክትጨርስ እጠብቅሃለሁ፤ «ስሙልን» ስትል እንደ ጥንቱ ድምፅህ ይቀጥናል። ማሲንቆው ሊነሳ ሲል ጣቴ ትቀድማለች።

የሺ